ከተከፈተ በኋላ የተረፈ ወይንን ስለማስቀመጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተለመደው የወይን ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 150 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ ሲጠጣ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ሁለት ሰዎች ለእራት ከፍተውት አንድ አንድ ብርጭቆ ቢጠጡ ከግማሽ በላይ ይተርፋል፤ ይህ ትርፍ በብዙ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ አድሮ በሦስተኛው ቀን ይደፋል። ወይኑ በገንዘብ የተገዛና ብዙ የተደከመበት በመሆኑ ይህ ሊያሳዝነን ይገባል፤ ለማዳን የሚያስፈልገው ጥንቃቄም ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለቤት ተጠቃሚ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ወይንን በብርጭቆ የሚሸጡ ግሮሰሪዎችንና ድግስ የሚያዘጋጁ ቤተሰቦችንም ያስባሉ።

የተከፈተ ወይን የሚበላሸው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ አየር ነው፤ በተለይም በአየር ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህል የሚሆነው ኦክስጅን። ጠርሙሱ ታሽጎ ሳለ በወይኑና በቡሹ መካከል ያለው አየር እጅግ ጥቂት ነው። ግማሹ ሲቀዳ ግን 375 ሚሊ ሊትር አየር በወይኑ ቦታ ይገባል፤ ቡሹን መልሰን ብንደፍነውም አየሩን ከወይኑ ጋር አብረን ዘጋንበት እንጂ አላስወጣነውም። ብዙዎች «ዘግቼ ነበር እኮ፤ ለምን ተበላሸ?» የሚሉት ይህን ሳያስተውሉ ቀርተው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሂደቶች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። አንደኛው ኬሚካዊ ነው፦ ኦክስጅኑ የወይኑን ቀለምና መዓዛ ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ጋር ይዋሃዳል፣ ከአልኮሉም ጥቂቱ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ በዚህ ጊዜ የፍራፍሬው ሽታ ይደክምና ወይኑ ተቆርጦ እንደዋለ ፖም መሽተት ይጀምራል። ሁለተኛው የባክቴሪያ ሥራ ነው፦ አሴቶባክተር የሚባሉት ረቂቅ ሕዋሳት በኦክስጅን እየታገዙ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ድክመት በአብዛኛው የመጀመሪያው ሂደት ውጤት ነው፤ መሆምጠጡ የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው። ፋብሪካዎች ወይኑ ላይ የሚጨምሩት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለጥቂት ጊዜ ይከላከልለታል፤ ይሁን እንጂ አየር በገባ ቁጥር እርሱም እየተመናመነ ይሄዳል።

ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ በንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ ጥያቄ የወይን በሽታዎችን ሲያጠና፣ አንዳንድ የመስታወት ቱቦዎችን እስከ አፋቸው ወይን ሞልቶ፣ ሌሎቹን ደግሞ አየር እንዲኖርባቸው አጉድሎ በማሸግ አነጻጽሯቸው ነበር። ሙሉዎቹ እንዳሉ ሲቆዩ፣ የጎደሉት ቀለማቸውም ጣዕማቸውም ተለወጠ። እዚህ ገጽ ላይ የሚቀርበው ምክር ሁሉ ሲጨመቅ ከዚያ ሙከራ አይወጣም።

ከሁሉም ምክሮች አንዱን ብቻ መከተል ብችል የትኛውን ልምረጥ?

ወይኑን ሲከፍቱት ምን ያህሉ እንደሚጠጣ ይወስኑ፤ የማይጠጣውን ሰው ብርጭቆ ውስጥ ከመቀዳቱ በፊት ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጠው እስከ አፉ ይሙሉትና ይክደኑት። የተረፈ ወይን ዕጣ የሚወሰነው እራት ሲያበቃ ሳይሆን ጠርሙሱ በተከፈተባት ደቂቃ ነው የምንለው ለዚህ ነው። እራቱ እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተከፍቶ የቆየ፣ እየተነሣና እየተዘቀዘቀ የተናጠ ወይን ወደ ፍሪጅ የሚገባው ብዙ ኦክስጅን ከጠጣ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 375 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ግማሽ ጠርሙስ ካለችዎት እጅግ ጥሩ፤ ከሌለችዎት ጥብቅ ክዳን ያላት ማንኛዋም ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ትበቃለች። አስቀድመው በሙቅ ውኃ ያጥቧት፤ የሳሙና ወይም የቀድሞ መጠጥ ሽታ እንዳይቀርባት አፍንጫዎን አስጠግተው ያሽትቷት። ጠርሙሷን ጋደል አድርገው ይያዙና ወይኑ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተንሸራቶ እንዲወርድ ቀስ ብለው ያንቆርቁሩ፤ ከላይ ወደ ታች ሲወረወር አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ አየር ነው። አንገቷ ላይ ሲደርስ ቀጥ አድርገው ያቁሟትና ከክዳኑ ሥር የጣት ውፍረት ያህል ቦታ እንኳ እስከማይቀር ድረስ ይሙሏት። ሲዘጓት ጠብ ጠብ ብሎ ቢፈስ አይጨነቁ፤ በትክክል መሙላቷን ያሳያል። እንዲህ ተዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ወይን ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከሳምንት በላይ ጣዕሙን ይዞ ይቆያል፤ በዋናው ጠርሙስ ውስጥ ጎድሎ ከቀረው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ለጀማሪ ጠጪም ይታወቃል።

የተከፈተ ወይን ስንት ቀን ይቆያል?

በጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ፣ ተዘግቶ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ፣ አብዛኛው ቀይና ነጭ ወይን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ድረስ በደስታ ይጠጣል። ቀለል ያለ ቀይ ወይን ቶሎ ይደክማል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ቢጨርሱት ይሻላል። አሲዱ ጠንከር ያለ ነጭ ወይንና ሮዜ የሚባለው ሮዝ ቀለም ያለው ወይን አምስት ቀን ያህል ይዘልቃሉ፤ በእንጨት በርሜል የቆየ ወፍራም ነጭ ወይን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይፈዛል። ለብዙ ዓመታት ታሽጎ የኖረ ያረጀ ወይን ከሁሉም ይልቅ ስስ ነው፤ በተከፈተበት ምሽት ሊጠጣ ይገባዋል።

አልኮል የተጨመረባቸው የወይን ዓይነቶች ከዚህ ደንብ ይለያሉ። ፊኖ የሚባለው ደረቅ ሼሪ ከሳምንት ብዙም አያልፍም፤ ቀዩ ሩቢ ፖርት ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ በበርሜል የሰነበተው ቶኒ ፖርት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይቆያል። ማዴራ ግን ለወራት ምንም አይሆንም፤ ምክንያቱም ሲሠራ ጀምሮ በሙቀትና በአየር ተፈትኖ ስላለፈ አየር ከዚህ በኋላ የሚወስድበት ብዙ ነገር የለም። በካርቶን የሚሸጠው ወይን ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይዘልቃል፤ አውስትራሊያዊው ወይን ጠማቂ ቶማስ አንጎቭ እ.ኤ.አ. በ1965 ባስተዋወቀው በዚህ አሠራር ወይኑ የሚቀመጠው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ሲቀዳ ከረጢቱ አብሮ ስለሚጨማደድ አየር የሚገባበት ቦታ አያገኝም።

ቀይ ወይንም ፍሪጅ ውስጥ ይገባል?

አዎ፣ ይገባል። ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣል የሚለው ልማድ ስለ መጠጫው ሰዓት እንጂ ስለ ማስቀመጫው የተነገረ አይደለም። ብዙ ኬሚካዊ ሂደቶች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ፍጥነታቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 22 ዲግሪ ካለው ክፍል 4 ዲግሪ ወዳለው ፍሪጅ የገባ ወይን የሚበላሸው ከሲሶ በማይበልጥ ፍጥነት ነው ማለት ይቻላል። ባክቴሪያዎቹም በቅዝቃዜ ውስጥ ሥራቸውን ከሞላ ጎደል ያቆማሉ። ከመጠጣቱ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አውጥተው ቢያቆዩት ወደሚገባው ሙቀት ይመለሳል። በፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ወይን ሥር ላይ እንደ ስኳር ቅንጣት የሚያብረቀርቅ ነገር ቢያዩ አይደንግጡ፤ በቅዝቃዜ የረጋ የወይኑ የራሱ አሲድ ጨው ነው፣ ጉዳትም የለውም።

ጠርሙሱን ላስተኛው ወይስ ላቁመው? ቡሹስ በየትኛው በኩል ይግባ?

ያቁሙት። ያልተከፈተ ጠርሙስ የሚተኛው ቡሹ እንዳይደርቅ ነው፤ ለተከፈተው ይህ ምክንያት አይሠራም። በቆመ ጠርሙስ ውስጥ አየርን የሚነካው የወይኑ ገጽ 33 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ያው ግማሽ ጠርሙስ ቢተኛ ገጹ ወደ አራት እጥፍ ይሰፋል። በፍሪጁ በር ላይ ካለው መደርደሪያ ይልቅ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ የተጠጋው ቦታ ይመረጣል፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጠርሙሱ ይናጣል፣ ይሞቃልም።

ቡሹን ሲመልሱ ቀድሞ ወይኑን ይነካ የነበረውን፣ ቀለም የያዘውን ጫፍ ወደ ታች ያድርጉት። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ የሚያደርገው ውጪ የነበረው ጫፍ ስላላበጠ በቀላሉ ስለሚገባለት ነው፤ ነገር ግን ያ ጫፍ አቧራና ሻጋታ የነካው ሊሆን ይችላል። ቡሹ ከተሰበረ ወይም ከተሰነጠቀ ይጣሉት፤ በገበያ የሚገኘው የጎማ መክደኛ በርካሽ ይተካዋል። በሽክርክሪት የሚዘጋ ክዳን ያለው ጠርሙስ የሚያስፈልገው ክዳኑን ማጥበቅ ብቻ ነው። በእኛ ፍሪጆች በርበሬ፣ ንጥር ቅቤና የተከተፈ ሽንኩርት አብረው ስለሚያድሩ አፉን በፌስታል ወይም በናፕኪን ወትፎ ማስቀመጥ ወይኑን ለሽታቸው አሳልፎ መስጠት ነው።

ወይን በሃይላንድ ማስቀመጥ ይቻላል?

ለጥቂት ቀናት ይቻላል፤ እንዲያውም ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ በሌለበት ቤት ጥሩ ዘዴ ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዘውን የውኃ ሃይላንድ ታጥቦ ከጠራ በኋላ የተረፈውን ወይን ያንቆርቁሩበት፤ ከዚያም ወይኑ አንገቱ ድረስ እስኪወጣ ሃይላንዱን በእጅዎ ጨምቀው አየሩን አስወጥተው እንደተጨመቀ ይክደኑት። ፕላስቲኩ በጊዜ ብዛት ጥቂት አየር ያሳልፋል፤ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ግን ይህ አያሰጋም። የለስላሳ መጠጥ የነበረበትን ፕላስቲክ አይጠቀሙ፤ የብርቱካኑ ወይም የኮላው ሽታ በሳሙናም አይለቅም።

አየር የሚመጡ ፓምፖችና ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ዋጋቸውን ያህል ይጠቅማሉ?

በእጅ የሚሠራው ትንሽ ፓምፕ ከጎማ መክደኛው ጋር አብሮ የሚሸጥ ሲሆን፣ አየሩን በከፊል እንጂ በሙሉ አያወጣም፤ መክደኛውም እያደር ያስገባል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢጨምር እንጂ ከዚያ በላይ ተአምር አይጠበቅበትም። ትንሿ ጠርሙስ ያለምንም ወጪ ከእርሱ የተሻለ ትሠራለች የሚል ጽኑ እምነት አለን።

አርጎን የሚረጨው ቆርቆሮ ከዚህ ይሻላል። አርጎን በአየር ውስጥ አንድ በመቶ ገደማ የሚገኝ፣ ከምንም ነገር ጋር የማይዋሃድና ከአየር የሚከብድ ጋዝ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሲረጭ ኦክስጅኑን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ኮራቪን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ የቀረበ መሣሪያ ደግሞ ቡሹ ሳይነቀል በቀጭን መርፌ ወይኑን ይቀዳና በምትኩ አርጎን ያስገባል፤ መርፌው ሲወጣ ቡሹ መልሶ ይገጥማል። ውድ ወይን በብርጭቆ ለሚሸጥ ሆቴል ተገቢ ነው። በሳምንት አንድ ጠርሙስ ለሚከፍት ቤተሰብ ግን ገንዘቡ ለተጨማሪ ወይን ቢውል ይሻላል።

ሻምፓኝ ውስጥ ማንኪያ መስቀል ጋዙን ያቆየዋል?

አያቆየውም። በጠርሙሱ አፍ ላይ የብር ማንኪያ መስቀል በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው፤ ሲፈተሽ ግን ማንኪያ ያለውና የሌለው ጠርሙስ ልዩነት አላሳየም። አረፋውን ያቆየው ቅዝቃዜው ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ይበልጥ ሟሙቶ ይቀራል። በታሸገ ሻምፓኝ ውስጥ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር አምስትና ስድስት እጥፍ ስለሚሆን ተራ ቡሽ መድፈን አደገኛ ነው፤ ተፈናጥሮ ዓይን ሊመታ ይችላል። አንገቱን ቆንጥጦ የሚይዝ ለሻምፓኝ የተሠራ መክደኛ ይግዙ፤ በፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያቆይልዎታል። ፓምፕ በፍጹም አይጠቀሙበት፤ ሊያቆዩት የፈለጉትን ጋዝ ራስዎ እየመጠጡ ማውጣት ይሆናል።

እንደ አክሱማይት ያለ ጣፋጭ ወይን ስኳሩ አያቆየውም?

ብዙ ሰው እንዲህ ስለሚያስብ ጠርሙሱን ቡፌ ውስጥ ለሳምንታት ይተወዋል። እንደ ማር ወይም ማርማላታ ያለ እጅግ የወፈረ ስኳር ነገርን ከብልሽት ይጠብቃል፤ በጣፋጭ ወይን ውስጥ ያለው መጠን ግን ለዚህ አይበቃም። ስኳሩ የሚያደርገው መሆምጠጡን ከምላስ መሸፈን ነው፤ ወይኑ ከደከመ ቆይቶ ሳለ ጣፋጭነቱ ደህና ያስመስለዋል። ከዚህም በላይ ከአየር የገባ እርሾ ስኳሩን አግኝቶ እንደገና ሊያፈላው ይችላል። አክሱማይትም ሆነ ከዝዋይ የሚመጣው ሚዲየም ስዊት አካሺያ ተዘግተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጡ፤ በሳምንት ውስጥም ይጠጡ። እንደ ጉደር ያለው ደረቅ ቀይ ወይን ደግሞ የሚሸፍንለት ስኳር ስለሌለ ድክመቱ ቶሎ ይታወቃል፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ያለው ደንብ ይሠራበታል።

ጠጅስ እንደ ወይን ይቀመጣል?

የቤት ጠጅ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጨርቅ ቢጠለልም እርሾው በውስጡ ሕያው ነው፤ ያልተብላላ ማር እስካለ ድረስም መፍላቱን አያቆምም። ስለዚህ ለወይን የሰጠነው «እስከ አፉ ሞልተህ አጥብቀህ ዝጋ» የሚለው ምክር ለጠጅ አይሆንም፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ የመስታወት ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል። በፍሪጅ ያስቀምጡት፣ ክዳኑን ላላ ያድርጉት ወይም በየቀኑ ከፈት አድርገው ያስተንፍሱት። በፋብሪካ ተጣርቶ የታሸገ የማር ወይን ግን እንደ ጣፋጭ ነጭ ወይን ሊያዝ ይችላል።

ከቅበላ የተረፈ ወይን እስከ ፋሲካ ይቆይልኛል?

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በጾሙ ወራት መጠጥ የሚተዉ ብዙ ቤተሰቦች በመሆናቸውም ጥያቄው በየዓመቱ ይነሣል። መልሱ በግልጽ፦ አይቆይም። ተከፍቶ የተረፈ ተራ ወይን በየትኛውም የቤት ዘዴ ሁለት ወር ገደማ አይዘልቅም፤ ትንሿ ጠርሙስም ብትሆን ይህን ያህል አትሸከምም። ያልተከፈተው ጠርሙስ ከመስኮትና ከምድጃ ራቅ ብሎ ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥ እስከ ፋሲካም ከዚያም በኋላ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ለቅበላ ሲገዙ ትላልቅ ጠርሙሶችን አንድ ላይ ከመክፈት አንዱ ሲያልቅ ሌላውን መክፈት፣ የተረፈውንም ለምግብ ማብሰያ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

ከድግስ በኋላ ብዙ የተጋመሱ ጠርሙሶች ይተርፋሉ፤ አንድ ላይ ልቀላቅላቸው?

በሠርግና በምርቃት ላይ አስተናጋጆች በየጠረጴዛው ያለውን ጠርሙስ ሁሉ አስቀድመው ይከፍታሉ፤ ድግሱ ሲበተን ሦስትና አራት ጣት የተቀነሰላቸው ጠርሙሶች በየቦታው ይቀራሉ። ደጋሹ ሊያስቆመው የሚገባው ልማድ ይህ ነው፤ እንግዳው ሲቀመጥ መክፈት ክብሩን አይቀንስም።

ከተረፈ በኋላ ግን ዓይነታቸው አንድ የሆነ፣ በዚያው ቀን የተከፈቱ ጠርሙሶችን አገላብጦ አንዱን እስከ አፉ መሙላት በጣም ጥሩ ነው፤ አምስት የተጋመሱ ጠርሙሶች ሁለት ሙሉና አንድ ግማሽ ይሆናሉ። ከመቀላቀልዎ በፊት እያንዳንዱን ያሽቱ፤ አንዱ ሆምጥጦ ከሆነ የቀሩትን ይዞ ይጠፋል። ከብርጭቆ የተረፈ ወይን ወደ ጠርሙስ አይመለስም። የትናንቱን በዛሬው ላይ መጨመርም አይገባም፤ በብርጭቆ የሚሸጡ ግሮሰሪዎች ይህን ሲያደርጉ ደንበኛው አዲስ ተከፈተልኝ ብሎ የደከመ ወይን ይጠጣል። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት በፕላስተር መለጠፍ ለባለ ግሮሰሪውም ለጠጪውም ቀላሉ ዋስትና ነው።

ወይን እያደር ይጣፍጣል ይባላል፤ የተከፈተውም እንዲሁ ነው?

አባባሉ ለታሸገው፣ ያውም ለጥቂቶቹ የወይን ዓይነቶች የሚሠራ ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ አፍ የሚያደርቅ ጠንካራ ወጣት ቀይ ወይን፣ ለምሳሌ ካበርኔ ሶቪኞን ወይም ሲራ ከሚባሉት የወይን ፍሬ ዝርያዎች የተሠራ፣ በማግስቱ ለስለስ ብሎና መዓዛው ተፍታትቶ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ነው።

መበላሸቱን በምን አውቃለሁ? ብጠጣው ያመኛል?

በመጀመሪያ ቀለሙን ነጭ ነገር ላይ አስጠግተው ይመልከቱ፤ ቀዩ ወደ ቡናማ፣ ነጩ ወደ ወርቃማና ወደ ሻይ ቀለም ከሄደ ኦክስጅን ሥራውን ሠርቷል። ቀጥሎ ያሽቱት፦ የኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ካለው ባክቴሪያዎቹ ገብተውበታል። ጋዝ የሌለው ወይን ምላስ ላይ ከቆነጠጠ እንደገና እየፈላ ነው። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ከሠራ ይድፉት።

እርጥብ ምድር ቤትንና የሻገተ ካርቶንን የሚያስታውስ ሽታ ግን የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ከቡሹ የሚመጣ ጉድለት በመሆኑ ወይኑ ገና ሲከፈት ጀምሮ ይኖራል፣ ከማስቀመጥ ጋርም አይገናኝም። የደከመ ወይን በአብዛኛው ለጤና አይከፋም፤ አልኮሉና አሲዱ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች እንዲራቡበት አይፈቅዱም። የሚጎዳው ደስታውን ነው።

ፍሪጅ ከሌለኝ ወይም መብራት ቢጠፋስ?

መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር ሳይከፍቱ ይቆዩ፤ ወይን እንደ ሥጋ በጥቂት ሰዓት አይበላሽም። ፍሪጅ ከሌለ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘውና ብርሃን በማይደርስበት የቤቱ ጥግ ወለል ላይ ያስቀምጡት፤ ውኃው ሲተን ጠርሙሱን ያቀዘቅዘዋል። በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ሌሊት ይህ ለአንድ ቀን ያቆያል፤ በድሬዳዋና በጋምቤላ ሙቀት ግን በዚያው ምሽት ቢያልቅ ይመረጣል። በተለይ ነጭ ወይን ቀለም በሌለው ጠርሙስ ከሆነ ፀሐይም ሆነ ጠንካራ የኤሌክትሪክ መብራት በሰዓታት ውስጥ ሽታውን ያበላሸዋል።

ለመጠጥ የማይሆነውን ምን ላድርገው?

ደክሞ ያልሆመጠጠ ቀይ ወይን ለሥጋ ሱጎ ተገቢ ነው፤ ሥጋው ከሽንኩርቱ ጋር ከተቁላላ በኋላ፣ ቲማቲሙ ከመግባቱ በፊት አንድ የቡና ስኒ ያህል ጨምረው የአልኮሉ ሽታ እስኪጠፋ ያንተክትኩት። አዋዜ በወይን ወይም በጠጅ የሚያቀጥኑ ባለሙያዎችም አሉ። ወዲያው የማያበስሉ ከሆነ በበረዶ መሥሪያ ገበታ ላይ አፍስሰው ፍሪዘር ውስጥ ያርጉትና ቁርጥራጮቹን በላስቲክ ቋጥረው ለሦስት ወር ያህል በየጊዜው አንድ ሁለቱን እያወጡ ይጠቀሙ። ሙሉ ጠርሙስ ግን ፍሪዘር ውስጥ አይተዉ፤ ወይን ከዜሮ በታች 5 እና 6 ዲግሪ ላይ መርጋት ሲጀምር ስለሚሰፋ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

የሆመጠጠው ደግሞ ወደ ጥሩ አቼቶ ሊደርስ ይችላል። አፉ ሰፊ በሆነ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያድርጉት፤ አልኮሉ ከበዛ ባክቴሪያዎቹ ስለሚቸገሩ ሁለት እጅ ወይን በአንድ እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ያቅጥኑት። ያልተጣራና ያልተፈላ የወይን አቼቶ ካገኙ ጥቂት ማንኪያ ለእርሾነት ይጨምሩበት። አሁን አየር ያስፈልገዋልና በክዳን ሳይሆን በጥቅጥቅ ጨርቅ ሸፍነው በገመድ ይሰሩት፤ ጨርቁ ሳሳ ካለ የፍራፍሬ ዝንቦች ይገቡበታል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ጨለማ ቦታ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ላዩ ላይ ቆዳ የመሰለ ለስላሳ ሽፋን ይሠራል፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጠጉራም ሻጋታ ከሆነ ግን ሁሉንም ይድፉት። ሽታው ስለታም ሆኖ የአልኮል ጣዕሙ ሲጠፋ አጥልለው፣ በትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ይዝጉት፤ ለሰላጣ ዝግጁ ነው።